ሽሬ የምትባለው ሰርጓጅ መርከብ

የጦር ጀግናን በተወለደበት ቤት ደጃፍ የማሰብ ልማድ በአውሮፓ ሥር የሰደደ ነው። የእምነበረድ ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ከንቲባው ንግግር ያደርጋል፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ሰሌዳው አጭር ቢሆንም ጽሑፍ ነውና እንደማንኛውም ጽሑፍ ሊሔስ ይገባዋል። ሔያሲም ከተጻፈው ይልቅ የተዘለለውን መጠየቅ አለበት።

እስቲ አንድ ሰው እንውሰድ። ሳልቫቶሬ ፔሎሲ እ.ኤ.አ. በ1906 በደቡብ ጣሊያን፣ ሞንቴላ በምትባል ከተማ ተወለደ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ ከነበሩት 8 የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች አንዷን፣ ቶሪቼሊን፣ ያዝ ነበር። ሰኔ 16 ቀን በፔሪም ደሴት አጠገብ 4 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደረሱበት። ጠልቆ ማምለጥ ስላልቻለ ወደ ላይ ወጥቶ በአንድ መድፍና በቶርፒዶ ገጠማቸው። በመጨረሻ ቆስሎ፣ መርከቡንም ራሱ አስጥሞ ተማረከ። አገሩ የወርቅ የጀግንነት ሜዳይ ሸለመችው። ኋላም አንዲት ሰርጓጅ መርከብ በስሙ ሰየመች።

ድፍረቱን አልክድም። ጀግንነትን ጀግንነት ማለት ለእኛ ለአርበኛ ልጆች አይከብደንም። ይሁንና የልጅነት ቤት አንድ ተንኮል አለው፤ ሰውየውን ወደ ሕፃንነቱ ይመልሰዋል፣ ሕፃን ደግሞ ንጹሕ ነው። ሞንቴላ ላይ የቆመ ሰው ምጽዋን አያይም። ኧረ ለመሆኑ ቶሪቼሊ ምጽዋ ላይ ምን ትሠራ ነበር? ኤርትራን በቅኝ ግዛት፣ ኢትዮጵያን በወረራ የያዘ መንግሥት ዘብ ነበረች።

በስሞቹ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ባሕር ላይ ካወረደቻቸው ሰርጓጅ መርከቦች መካከል 17ቱ አንድ ምድብ ነበሩ፤ ምድቡም «ዓድዋ» ይባል ነበር። አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አላጌ፣ አራዶም፣ አሸንጌ፣ ነገሌ እያለ ይቀጥላል። አሸንጌ ማለት በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ያፈገፈገው ሠራዊታችን በቦምብና በመርዝ ያለቀበት ሐይቅ ነው። ለእነሱ የድል ስም፣ ለእኛ የመቃብር ስም። «መቀሌ» በሱዳን ጠረፍ አለት ላይ ወጥታ ቀረች፤ «ዓድዋ» ሜዲትራንያን ውስጥ ሰጠመች። ከ17ቱ ጦርነቱን ያለፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። ስሙ ግን አልሰጠመም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎት የጀመረች ዘመናዊ ሰርጓጅ መርከብም «ሽሬ» ተብላለች።

የከፋውን እናውቀዋለን። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ግራዚያኒ በተቀበረባት አፊሌ መታሰቢያ ተመረቀለት፤ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላትም ተቀረጹበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም ግን ከተቀረጸው ውስጥ የለም። ፔሎሲን ከግራዚያኒ ጋር አንድ ላይ አልወቅጥም፤ አንዱ በባሕር ላይ ከወታደር ጋር የተዋጋ መኮንን፣ ሌላው ያልታጠቀ ሕዝብ ያስፈጀ ነው። የድንጋዩ ዝምታ ግን ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሳችን ልመልስ። ይህን የምጽፈው ገላን ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የአርበኛ አባታቸውን ሜዳይ በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። አባታቸው ያደጉበት የመሐል ከተማ ቤት ፈርሷል፤ እሳቸውም ወደዚህ መጡ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቦታውን ሊያሳዩት ቢሄዱ መንገድ ሆኖ እንዳገኙት አጫውተውኛል። ሰሌዳ ቢገኝ እንኳ የሚለጠፍበት ግድግዳ የለም። እዚህ ደግሞ ሕንጻው በብሎክ ቁጥር ነው የሚጠራው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ተረቱ እንዳይገለበጥብን እፈራለሁ። የወጋው የከተሞቻችንን ስም በብረት ላይ ጽፎ ሲያስታውስ፣ የተወጋው የራሱን ሰው ቤት አፍርሶ አድራሻውን እንኳ አልጻፈም።

ጣሊያኖች ሰሌዳቸውን ይንቀሉ አልልም። አንድ መስመር ይጨምሩበት፤ መርከቡ ከየት እንደተነሣና አገሩ የማን እንደነበረ ይጻፍ። ከእኛ የሚፈለገውም ከዚህ አይበልጥም። አዲሱ መንገድ ዳር «እዚህ ቦታ የአርበኛ እገሌ ቤት ነበር» የሚል አንድ መስመር ይቁም። ያ የልጅ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ ቢያንስ የሚያነበው ያግኝ።