«ፊት» ስለምትባል አንዲት ቃል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የተጻፈው በፈረንሳይኛ፣ አርቃቂውም ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በፍርድ ቤት የሚጸናው ግን የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ስለሆነም የሕጉን ቃላት መመርመር ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የቋንቋ መምህርም ድርሻ አለው። ለዛሬው ቁጥር 1723ን እናንሣ።

ይህ ቁጥር ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲሁም በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን በዚሁ ስፍራ «ይመዝገብ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአዋዋይ ፊት መዋዋል የውሉ መወለጃ ነው፤ መመዝገብ ግን ተወልዶ ያደረውን በመዝገብ ማስፈር ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ስለ ቤትና ስለመሰለው ሽያጭ ለይቶ የሚናገረው ቁጥር 2877 ደግሞ ጽሑፍን እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ክርክሩ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በዚህ ዓይነት ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ሲል ወሰነ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ቢያንስ አምስት ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሰበር ትርጉም የክልሎቹን ጨምሮ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድድ ስለ ነበር፣ የአንድ ቤት ጉዳይ የብዙ ቤቶች ጉዳይ ሆነ።

ለዚህ አቋም ጠንካራው ድጋፍ ቁጥር 1720 ነው፤ በተለይ የታዘዘ ፎርም ካልተሟላ ያለው ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ቁጥር 1808 ፎርሙን ያላሟላ ውል በተዋዋዮቹ ወይም ጥቅም ባለው ሌላ ሰው ጠያቂነት ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ያልተወለደ ነገር እንዴት ይፈርሳል? በእኔ አስተያየት የክርክሩ እምብርት ይህ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ቁልፍ ተረክቦ፣ ጣሪያ ቀይሮ፣ ልጆች አሳድጎ ከኖረ በኋላ የቤት ዋጋ ሲንር፣ ሻጩ «ውላችን በአዋዋይ ፊት አልተደረገም» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይባላል፤ ሻጩ ወደ ቤቱ፣ ገዢው ወደ ያኔው ብሩ። ያ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ደመወዝተኛ አንባቢ አይጠፋውም። በሌላ በኩል አንዱን ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጥ፣ በሐሰት ፊርማ የሚያስተላልፍም አለና ፎርሙ ያለ ምክንያት አልተደነገገም።

ሕዝቡስ ለምን ወደ አዋዋይ አይሄድም? ቁጥር 3347 ሕጉ ባካተታቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሽሮታል፤ በወረቀት። ሰዉ ግን ዛሬም «በሰው ፊት» ሲል ሽማግሌዎችን፣ ጎረቤቶችንና ምስክሮችን ማለቱ ነው። ስለዚህ በችሎት የሚጋጩት አሮጌ ሕግና አዲስ ኑሮ ናቸው የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ከ1952ቱ ሕግ ጋር የሚሟገተው ከእሱ የሚበልጥ አሮጌ ነው። በዚህ መካከል በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት በማድረጉ፣ መሬቱንም ቤቱንም ለሚሸጥ ባለርስት የተጻፈው ቁጥር 1723 ቦታው የራሱ ባልሆነ ባለቤት ላይ ይሠራ ጀመር።

ሕግ አውጪውም አንድ ጊዜ ወደዚህ ቁጥር ተመልሶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 639/2001 ለባንክና ለአነስተኛ የብድር ተቋም ብድር መያዣ የሚሆን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ሳይመዘገብ እንዲጸና ፈቀደ። አበዳሪው እፎይ አለ፤ ቤት ገዢው ግን ባለበት ቀረ። ይህ አድልዎ ከሰበሩ ፍርድ ይልቅ ሊተች የሚገባው ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ሰበር ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ለመለወጥ ሰባት ዳኞች እንዲሰየሙ ይጠይቃል። ሰባቱ በዚህ ጉዳይ ቢሰየሙ፣ 1720ን ከ1808፣ 1723ን ከ2877 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው «ፊት» የማን ፊት እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ባለን።