የተረፈው መስማት

ኢተያ ላይ በአዳማና በአሰላ መንገድ ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪናውን ጉርምርምታ ሰምተው ዘወር ቢሉ፥ «ሠራ»ን ከ«ፈራ» መለየት ግን ቢያቅታቸው፥ ጎረቤት «ሲፈልጉ ይሰማሉ» ይላቸዋል። ፍርዱ ስሕተት ነው። የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ሆኖ ቀጭኑን ድምፅ በደጃፉ፥ ወፍራሙን በጫፉ ይቀበላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳውም ደጃፉ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ፎን ኢልበርግና ባልደረቦቻቸው ከፍራንክፈርት ያቀረቡት ዘዴ በደጃፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብቶ፥ በጫፉ የተረፈውን መስማት በድምፅ ማጉያ ይረዳል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በጫጫታ መካከል ንግግርን ለመለየት እንደሚጠቅምም ታይቷል። ነገር ግን ዘዴውን «ጭማሪ ብቻ» እያሉ የሚያወድሱት አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ሽቦው ሲገባ የተረፈውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ደግሞስ በማን ቋንቋ ተመዘነ? በእኛ ዘንድ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። (ኦሮምኛም ማጥበቅና ማላላት አለው።) ልዩነቱ የ«ነ» ርዝመት ሲሆን ይህም በወፍራሙ ድምፅ ይሰማል። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሽማግሌው ሁለቱን «ገና» ይለዩ እንደሆነ ቢጠይቃቸው፥ ለአደጋ የሚያጋልጠው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።