ሁለት ቶም፣ አራት አውራ ጣት

ባለቤቱ ቶም የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ሲያቀብለኝ በመጀመሪያ የገረመኝ ቅለቱ ነው። ሁለት መዳፍ የሚይዘው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የእንጨት ሣጥን ነው። ከላይ ዘጠኝ የብረት ምላሶች ተደርድረዋል። ጫፋቸው ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል፤ አውራ ጣት እንዳይቆርጥም ጠርዛቸው ተሞርዷል። ከሥራቸው በክራር በርኩማ የምንለው ዓይነት ሁለት መደገፊያ አለ። በመደገፊያዎቹ መካከል የተጋደመ ዘንግ ምላሶቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል፤ ዘንጉ ደግሞ በሽቦ ከሣጥኑ ጋር ተጠፍሯል። በምላሶቹ ላይ ሙጫም ሚስማርም የለም፤ የያዛቸው ግፊት ብቻ ነው።

እንዲህ የተሠራው ለመቃኘት እንዲመች ነው። ምላሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ውጭ ሲሳብ ይወፍራል። የጊታር ክር ሲጋመስ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። የቶም ምላስ ግን የታሰረው በአንድ ጫፉ ስለሆነ ያን ያህል ማጠር አያስፈልገውም፤ ውፍረቱ እኩል የሆነ የ6 ሳንቲ ሜትር ምላስ 4.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ኦክታቩን ይደርስበታል። በዚህ አጭር ምላስ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ግማሽ ድምፅ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። ባለቤቱ ሲቃኝ ምላሱን በጠጠር ጠቅ ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ጠቅ ያደርጋል።

ቶም በጋምቤላ የአኝዋኮች መሣሪያ ነው። የቋንቋ ዘመዶቻቸው የሆኑት የኬንያ ሉዎዎች ሙዚቃን ራሱን «ቱም» ይሉታል። ፈረንጆች ይህን የመሣሪያ ዓይነት የአውራ ጣት ፒያኖ ብለው ይጠሩታል። ለእኔ ግማሽ ስም ነው። እንደ ፒያኖ ለየድምፁ የራሱ ምላስ አለው፤ ምላሱ የሚነካው ግን እንደ ጊታር ክር በቀጥታ በጣት ነው።

እነዚሁ ሁለቱ፣ ፒያኖና ጊታር፣ ብቻቸውን አብረው ሲጫወቱ ሁለቱም ኮርድ ስለሚይዙ በቀላሉ ይጋጫሉ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስና ጊታር ተጫዋቹ ጂም ሆል በ1962 እ.ኤ.አ. «አንደርከረንት» የተባለውን አልበም የቀረጹት ያለ ባስና ያለ ከበሮ ነው። በመክፈቻው ሙዚቃ ኤቫንስ ዜማ ሲፈጥር ሆል ጊታሩን እንደ ግርፍ ክራር በምቱ ልክ ይገርፋል፤ የከበሮውን ቦታ ግርፉ ይሞላዋል።

ባሮ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር አንድ ሰውና አንድ ልጅ በሁለት ቶም ሲጫወቱ ያንኑ መደጋገፍ ሰማሁ። ሰውየው በትልቁ ቶም አራት ወፍራም ድምፆችን ይደጋግማል። ልጁ በትንሹ ቶም ዝም ብሎ ቆየ። የቶም ድምፅ ቶሎ ይጠፋል፤ እንደ ክራር ነዝሮ አይቆይም። ልጁ የገባው አራተኛው ድምፅ ሊጠፋ ሲል ነው፤ ሦስት ቀጫጭን ድምፆች ነክቶ ወጣ። በሚቀጥለው ዙር አንዷን ተዋት። ያኔ ሰውየው የራሱን ሁለተኛ ድምፅ አዘግይቶ ልጁ ክፍት በተዋት ቦታ አስቀመጣት። አልተያዩም። ልጁ በሦስተኛው ዙር ዜማውን ከዚያችው ከዘገየችው ድምፅ ጀመረ።

ሁለት ቶም ሲጫወቱ ካገኛችሁ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ድምፁ ሩቅ አይሄድም። በቅድሚያ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፤ ቀጭኑ የሚገባበትን ቦታ እሱ ያሳያችኋል።