ለሲራራው ማረፊያ

በታሪካዊ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ውስጥ ሁሉም የሚያደንቀው ግንቡንና ፈረሰኛውን ነው። እኔ የምወደው የንግድ ጣቢያዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 3 ጣቢያዋ በፈለጉት ቦታ አትሠራም፤ እንደ ንግዱ መንገድ ዳር ባሉ የተወሰኑ ስፍራዎች ብቻ ነው፤ ቀድሞ የያዘ ይጠቀማል። ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ ይበልጥ ብልህ ነው። ነጋዴው ጉዞውን ሲፈጽም በደረሰበት ከተማ ጣቢያ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ሲራራ በዚያ በኩል ቀድሞ ከማይደርስበት አገር ይዘልቃል።

በእውነተኛው ታሪክ የሶማሌላንዷ ሀርጌሳ እንዲህ ያለች ጣቢያ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሼክ መዳር ቃዲሪያ የተባለው የሱፊ መንገድ ተከታዮችን ይዘው መንደር ሲያቆሙባት፣ በበርበራና በሐረር መካከል የሚመላለሱ ግመሎች ውኃ የሚያገኙባት ስፍራ ነበረች። ወደ በርበራ ወደብ ቡና፣ ቅቤ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ይወርድ ነበር፤ ወደ ላይ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይወጣ ነበር። በርበራ ራሷ የምትደምቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነበር፤ ሙቀቱ ሲጠና ገበያተኛው ይበተን ነበር።

ጨዋታዎቹ የረሱት ግን አባንን ነው። አባን እንግዳውን ነጋዴ በጎሣው ስም የሚጠብቅ፣ የሚያስተናግድ፣ በግዢና ሽያጩም መካከል የሚቆም ሶማሌ ዋስ ነበር፤ ድርሻውንም ያነሣ ነበር (በነፃማ ማን ይሠራል!)። ያለ እርሱ ሲራራ አይንቀሳቀስም ነበር። ጨዋታ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ከጣቢያው ደጃፍ አንድ አባን አቁሙልን።