አባቱን ጠብቆ እናቱን የለወጠ በቆሎ

ባኮ የምርምር ማዕከል ማሳ ላይ ለድቀላ የታጨ በቆሎ የወረቀት ከረጢት ይለብሳል። ሴቴው አበባ ጸጉር ከማውጣቱ አስቀድሞ ይሸፈናል፤ ነፋስ ያመጣው የሌላ ተክል የአበባ ዱቄት ካረፈበት አባቱ ስለማይታወቅ ፍሬው ለአዳቃዩ ከንቱ ነው። ጸጉሩ ብቅ ሲል ጫፉን ይከረክሙታል፤ በማግስቱ እንደ ብሩሽ እኩል ሆኖ ይወጣል። ወንዴው አበባም ከዋዜማው ተሸፍኖ ያድራል። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ አገዳውን ጎንበስ አድርገው ያራግፉታል፤ ቢጫውን ዱቄት ጸጉሩ ላይ ነስንሰው ወዲያው መልሰው ይሸፍናሉ። እያንዳንዷ የጸጉር ክር የምታደርሰው ወደ አንዲት ፍሬ ብቻ ነው። ዱቄት ያላገኘች ክር ቆረቆንዳው ላይ ባዶ ቦታ ትታ ታልፋለች፤ የሠራተኛው ጥንቃቄ በመከር ጊዜ ከረድፉ ላይ ይነበባል።

አንድን ተክል በራሱ ዱቄት ስድስት ሰባት ትውልድ ሲያዳቅሉት ባሕርይው ይረጋል፤ ቁመቱ ግን ያጥራል፣ ፍሬው ያንሳል። ገበሬ ዞሮ የማያየው ይህ ንጹሕ ዘር የሚባል ኮስማና ተክል ለአዳቃዩ ብርቅ ነው። የሚመዘነው ገና ባልተወለደ ልጁ ነው፤ ለእኔ የሙያው ልብ እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀውን ድቃል በቆሎ፣ ቢኤች 660ን እንይ። ኤ7033 እና ኤፍ7215፣ ሁለቱም ከኬንያው የኪታሌ ዘር የወጡ ንጹሕ ዘሮች፣ ተዳቅለው ብርቱ እናት ሆኑ፤ አባቱ 142-1-ኢ የተባለ ንጹሕ ዘር ነው። ለገበሬ የሚሸጠው ዘር የሚሰበሰበው ከእናቲቱ ላይ ነውና፣ እሷ ኮስማና ብትሆን ዘሩ ጥቂት፣ ዋጋውም የማይቀመስ ይሆን ነበር። ንድፉ ይህን ቀድሞ አስቦበታል።

በኋላ ግራጫ የቅጠል ነጠብጣብ በሽታ ቢኤች 660ን ጎዳው። አዳቃዮቹ ያንኑ አባት ይዘው እናቲቱን ለወጡ። ሲኤምኤል395 እና ሲኤምኤል202 የተባሉ ንጹሕ ዘሮች ከዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል መጥተው አዲስ እናት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ቢኤች 661 ተለቀቀ። የትኛውን ወላጅ መንካት፣ የትኛውን መተው እንዳለበት ማወቅ ትልቅ እጅ ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ አማካይ የበቆሎ ምርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሄክታር 15 ኩንታል ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ30 አልፏል። ማዳበሪያውና የገበሬው ድካም ድርሻ አላቸው፤ ዘሩም የራሱ አለው።

ገበሬው ከድቃሉ መከር ለዘር ቢያስቀር ልጆቹ እንደ ወላጃቸው አይሆኑም። ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይመረታል፤ በዘር ብዜት ማሳዎች የእናቲቱ ወንዴ አበባ ዱቄት ሳይለቅ በእጅ ይነቀላል። አንድ ረድፍ ቢዘለል ራሷን ታዳቅላለች፤ ገበሬውም ለድቃል ዘር ከፍሎ ሌላ ነገር ይዘራል።