ሁሉም ሃያ የሚተነፍሱበት ዋርድ

የተማሪዎችን ቻርት ሳርም መጀመሪያ የማየው የትንፋሽ ቁጥሩን ነው። ሙቀትና የደም ግፊት መሣሪያ አላቸው፤ መሣሪያው ያሳየውን መገልበጥ ነው። ትንፋሽ ግን የሚፈልገው ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ስለሆነ ለማጭበርበር ይመቻል። ስለዚህ የሳንባ ምች የያዘውም፣ እግሩ የተሰበረውም፣ ትናንት በኦፕራሲዮን የወለደችውም፣ በዋርዱ ያለ ሰው ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 20 ደግሞ ብልጥ ውሸት ነው። የጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ስለሚደርስ ማንም መለስ ብሎ አይጠይቅም።

የማስተምረው በቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ ኮሌጅ ነው። ቀናችን በጸሎት ይጀመራል። አዲስ ገቢዎችን ነርሲንግን ለምን እንደመረጡ ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ "ጥሪዬ ነው" ይላሉ፤ አንዳንዶቹ አባታቸው እንደወሰነላቸው በግልጽ ይናገራሉ። በጥሪ አላሾፍም፤ እኔንም እዚህ ያቆየኝ እሱ ነው። ይሁን እንጂ የተጠራውም፣ የተላከውም፣ ሌሊት ዲውቲ ላይ ሲደክማቸው የሚጽፉት ያችኑ 20 ነው። እንዲያውም የተጠራው የሚብስበት ጊዜ አለ። ለበሽተኛው ከልቡ አዝኗል፣ እጁን ይዞ "አይዞዎት" ብሏል፣ ስለዚህ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። የሰው ሁኔታ መበላሸት ሲጀምር፣ ግፊቱ ገና ደህና ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ግን ትንፋሽ ነው። 28 የነበረውን 20 ብሎ የጻፈ ተማሪ ያን በሽተኛ ምንም ያህል ቢያዝንለት አልረዳውም።

ቆጠራው ራሱ መጽሐፉ እንደሚያወራው ቀላል አይደለም። መጽሐፉ ደረት ሲነሣና ሲወርድ ተመልከቱ ይላል፤ የእኛ በሽተኛ ግን እስከ አገጩ በጋቢ ተጠቅልሏል። ቢገልጡት ይበርደዋል፣ ያፍራልም። "ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው" ካሉት ደግሞ ወዲያው አተነፋፈሱን ያስተካክላል። የማሳያቸው ዘዴ ይህ ነው፦ የልብ ምት ለመቁጠር የእጁን አንጓ ትይዛለህ፤ ክንዱን አጥፈህ ከጋቢው በላይ ደረቱ ላይ ታሳርፈዋለህ። ምቱን ቆጥረህ ስትጨርስ እጁን አትልቀቅ፤ ዓይንህን ከሰዓትህ ላይ ሳትነቅል እጁ በደረቱ ሲነሣና ሲወርድ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። እሱ አሁንም የልብ ምቱን የምትቆጥር ይመስለዋል። በኮሌጃችን የተፈቀደች ብቸኛ ማታለል ይህች ሳትሆን አትቀርም። አስታማሚ መሐል ላይ "ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አልቋል" ብላ ከጠራች ቁጥሩ ጠፋ፤ ጉሉኮሱን አይተህ እንደገና ከአንድ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ፈተናው ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን መጠን ማን እንደሚያውቅ ይለያል፤ ማን እንደቆጠረና ማን እንዳልቆጠረ ግን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ተማሪው ካልጋው ዞር ሲል እኔ ሄጄ እቆጥራለሁ። ልዩነቱ ከሁለትና ከሦስት ካልበለጠ አልፈዋለሁ፤ ሰው ማሽን አይደለም። ደግሞም "አልተቆጠረም፤ በሽተኛው ራጅ ክፍል ነው" ብሎ ሣጥኑን ባዶ ለተወ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ባዶ ሣጥን ሲበዛ ዋርዱ በቁጥጥር ይወቀሳል፣ ተማሪውም ስንፍናን ይለምዳል ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የደረስንበት ስምምነት፣ ሣጥን ባዶ የተወ ተማሪ በዚያው ዲውቲ ተመልሶ ይቆጥራል፤ የሚጽፈውም ሰዓት የቆጠረበትን እንጂ መቁጠር የነበረበትን አይደለም የሚል ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሳስተምር የምጠብቀው ደቂቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1837፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት በማስታወሻዋ እንደጻፈች ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል። ከዚያ ቀሪውን አመጣለሁ። በ1851 ጀርመን ካይዘርስቬርት ሄዳ፣ ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በ1836 በመሠረተው የዲያቆናዊት ሴቶች ቤት ሦስት ወር ያህል ሠለጠነች። የዚያን ቤት መንፈሳዊነት እስከ እርጅናዋ አክብራዋለች፤ የነርሲንግ ሥራውንና ንጽሕናውን ግን ክፉኛ ነቅፋለች። ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ ወታደሮቹ በምን በምን እንደሞቱ በሠንጠረዥና በሥዕል ለመንግሥት ያቀረበችው፣ የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበርም የመጀመሪያዋ ሴት አባል የሆነችው ይህችው የተጠራች ሴት ናት። በ1860 በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የተከፈተው ትምህርት ቤቷ በየትኛውም ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ሥር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጎበዝ ተማሪ "ታዲያ እኛ እዚህ ምን እናደርጋለን?" ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የእኔ መልስ ኢንሱሊን ነው። ስኳር ያለባቸው እማማ በዐቢይ ጾም ተኝተዋል እንበል። ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የምንለው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተወጋ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ በኋላ ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ቁርስና ምሳ አስቦ ነው። እማማ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ይከተላል፤ ሰው ካላየ ራስን መሳት። ሽሮው ከቤት መጥቶ አልጋው ሥር በሳህን እንደተከደነ ነው።

ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ችግሩ መልሱ ላይ ነው። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሆስፒታሉ የወንጌላውያን ነው። ጾሜን ይንቁብኛል፣ ወይም ግደፊ ይሉኛል ብለው ይፈራሉ። "ቁርስ በልተዋል?" ቢሏቸው "አዎ ልጄ" ብለው ይገላገላሉ። ተማሪው ቀድሞ "እማማ፣ ጾም እንዴት ይዞዎታል? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀምሱት?" ካለ ግን እውነቱን ያገኛል፤ መርፌውን ሳይቀዳ ለሐኪሙ ይነግራል፣ ልኩና ሰዓቱ እንደገና ይታያል። ለበሽተኛ የሚሆነውን የነፍስ አባታቸው ያውቃሉና ቤተሰቡ እንዲያማክራቸው ማሰብም የነርሷ ነው። በረመዳንም ጥያቄው ያው ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ይለወጣል። ጾምን ከውስጥ የሚያውቅ ልጅ ይህን ጥያቄ ሳይደናቀፍ ይጠይቃል፤ ለዚያ ተማሪ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጸበልም እንዲሁ። ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ጴንጤ የሆነው ተማሪዬ ይህን ማወቅ አለበት፤ መድኃኒቱን ለማቆም ያሰበ ምእመን የሚሰማው ከእሱ ስብከት ይልቅ የፓትርያርኩን ቃል ነው።

ጸሎትን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ፤ ለአንዳንድ የቦርድ አባላት ከሚገባው በላይ ጥብቅ። በሽተኛው ካልጠየቀ ተማሪ "ልጸልይልዎት?" አይልም። አልጋ ላይ ያለ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ የሕመም ማስታገሻውንም የሚጠብቀው ከዚያው ከጠያቂው እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው "እሺ" ቢል እሺታው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጠይቆ ከሆነ ግን አጭር ጸሎት፣ በዝግታ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ጎረቤት አልጋ በማይረበሽበት ድምፅ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው መቀስ ነው። ለኦፕራሲዮን ሲያዘጋጁ ብረት ሁሉ ይወልቃል፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ በብረት በኩል ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ የአንገት መስቀል። ለጥድፊያ የተፈጠረ ተማሪ መስቀሉን ሲያይ ማተቡን በመቀስ ቆርጦ መገላገል ይቃጣዋል። ማተብ ግን ክር ነው፤ ክር አያቃጥልም፤ የሚቀደደው ቦታ አንገት ካልሆነም ማንንም አያስቸግርም። ቋጠሮውን በትዕግሥት ፈትቶ መስቀሉን ማውጣት፣ በባለቤቱ ፊት ለቤተሰቡ ማስረከብ፣ ክሩን መልሶ ማሰር ነው። አንገት መነካቱ ግድ ከሆነ አስፈቅዶ እጅ ላይ ማሰር ይቻላል። የዝግጅት ቅጹ ለአርቴፊሻል ጥርስና ለቀለበት ሣጥን አለው፤ ለማተብ የለውም። ተማሪዎቼ ከግርጌው በእጃቸው "መስቀል ለእህቷ ተሰጥቷል፤ ክሩ በግራ እጅ ታስሯል" ብለው ይጽፋሉ። ቅጹ እንደገና ሲታተም ያች መስመር እንድትገባ ጠይቄያለሁ።