ጣት፣ ሰዓትና ፊደል፦ በታብሌት የሚካሄድ የአማርኛ ንባብ ምዘና ሂሳዊ ቅኝት

1. መነሻ

የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በአህጽሮት ኢግራ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች ተካሂዷል። ይህንኑ ምዘና በስክሪን ለማካሄድ ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች መካከል ታንጀሪን የተባለው ይገኝበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ከወረቀት ያነባል፤ መዛኙ ታብሌቱን ይዞ ያዳምጣል፤ የተሳሳተውን ፊደል ወይም ቃል በጣቱ ይነካል፤ 60 ሰከንድ ሲሞላ መሣሪያው ራሱ ያቆማል፤ ውጤቱም ወዲያው ይሰላል።

ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ይቆጥራል፤ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ይፈጠር የነበረው ስህተት ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መሣሪያው ፈጣን ነው ወይ የሚል ሳይሆን፣ የሚለካው የአማርኛን ንባብ ነው ወይ የሚል ነው።

2. የማይታየው ጥብቀት

የአማርኛ ፊደል የድምፅን መጥበቅና መላላት አያመለክትም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው። «ገና» እና «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። በተናጠል ቃላት ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው፤ ይህን ያልሠለጠነ መዛኝ ግን አንደኛውን ስህተት ብሎ ሊነካው ይችላል።

በአንቀጽ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። «ዋና ይወዳል» እና «ዋና መንገድ» የሚሉት ሐረጎች የሚለዩት በሁለተኛው ቃል ነው። አንባቢው «ዋና»ን አጥብቆ ጀምሮ «ይወዳል» ላይ ሲደርስ ተመልሶ ቢያላላው፣ ያነበበውን ለመረዳቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። የምዘናው ደንብ ራሱን ያረመውን ተማሪ ትክክል አድርጎ ይቆጥርለታል፤ ለመመለስ የወሰደውን ጊዜ ግን ሰዓቱ አይመልስለትም። በአንጻሩ ጥብቀቱን ሳያስተውል በአንድ ትንፋሽ የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ቃላት ያስመዘግባል። የመረዳት ጥያቄዎችም ተማሪው ካነበበው ክፍል ብቻ ስለሚጠየቁ፣ ለመረዳት ሲል ዘግየት ያለው ልጅ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ያነሱ ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን ፍጥነት በሁለት መንገድ ይሸለማል፤ ማስተዋል በሁለት መንገድ ይቀጣል።

3. ቃል በደቂቃ

የንባብ ቅልጥፍና የሚገለጸው በደቂቃ በተነበቡ ትክክለኛ ቃላት ቁጥር ነው። «ላም» አንድ ቃል ነው፤ «አልነገርኳችሁም»ም አንድ ቃል ነው። ሁለተኛው አሉታን፣ ግሥን፣ ባለቤትንና ተሳቢን በዘጠኝ ፊደላት አዝሏል። በስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ቦታ ይዘው እኩል ነጥብ ያገኛሉ። ስለዚህ ሁለት የአማርኛ አንቀጾች እንኳ በቃላት ቁጥር እኩል ስለሆኑ በክብደት እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። በላቲን ፊደል ከሚጻፉት ከአፋን ኦሮሞና ከሶማሊኛ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ማሰለፍ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል።

የፊደል መለየት ፈተናም እንዲሁ ነው። የላቲን ተማሪ የሚያውቃቸው ምልክቶች 26 ሲሆኑ፣ የአማርኛ ተማሪ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 231 ምልክቶችን መልመድ አለበት። በመጀመሪያው ረድፍ አንድም ያላወቀ ተማሪ ላይ መሣሪያው ፈተናውን ያቋርጣል። በዚያ ረድፍ እንግዳ ፊደላት ከተደረደሩ፣ ግዕዝና ራብዕን በሚገባ የለየ ልጅ ዜሮ አንባቢ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

4. ሞክሼ ፊደላትና አነጋገር

ተማሪው ራሱ እንዲተይብ ሲደረግ ሌላ ችግር ይከተላል። «ፀሐይ» በሞክሼ ፊደላት ምክንያት፣ ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ከመልሱ ጋር ፊደል በፊደል የገጠመውን ብቻ ነው። የሥነ ጽሕፈት ሥርዓትን ማስተማር ራሱን የቻለ ዓላማ ነው፤ የመረዳት ፈተናን በፊደል ምርጫ ማረም ግን ሁለት ነገሮችን ማደባለቅ ይሆናል።

ንግግርም እንዲሁ ነው። «ጸጉር»ን «ጠጉር»፣ «ጸሎት»ን «ጠሎት» ብሎ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን አልሳተም፤ ያነበበው በቤቱ አነጋገር ነው። የመዛኙ ጣት ግን ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ መንካት ወይም አለመንካት።

5. መደምደሚያ

ከላይ የተነሡት ጉድለቶች በታብሌቱ አልተፈጠሩም፤ ብዙዎቹ በወረቀቱም ምዘና ነበሩ። ልዩነቱ ወረቀቱ ጠርዝ ስለነበረው ነው። ጠንቃቃ መዛኝ «አጥብቆ አነበበ፣ ተመልሶ አረመ» ብሎ በጠርዙ ይጽፍ ነበር። የስክሪኑ ሠንጠረዥ ያንን ጠርዝ አጥፍቶታል። ሊመለስ ግን ይችላል፤ ከአንድ ንክኪ ይልቅ የፊደል ስህተትን፣ የጥብቀት ስህተትንና ራስን ማረምን የሚለይ ምዝገባ ማዘጋጀት፣ ለሞክሼ ፊደላት የአቻነት ዝርዝር መስጠት፣ የአካባቢ አነጋገርን በመዛኞች ሥልጠና ማካተት አስቸጋሪ ሥራዎች አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ውጤቱ የሚሄድበት ቦታ ነው። በኬንያ ቱሶሜ በተባለው መርሐ ግብር ታብሌት የያዙ የሥርዓተ ትምህርት ድጋፍ ባለሙያዎች ትምህርቱን ተመልክተው፣ ጥቂት ተማሪዎችን አስነብበው፣ እዚያው ከመምህሩ ጋር ይወያዩ ነበር። ምዘናው ከክፍሉ ሳይወጣ ለክፍሉ ይመለስ ነበር። ለአማርኛ መምህርም ተማሪው በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ብቻ ቢነገረው የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ልጁ ሳድሱን እንደሚስት፣ ወይም ፊደሉን ሁሉ እያወቀ ጥብቀቱን እንደሚያጣ ቢነገረው ግን የነገውን ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።